ሦስት ቁልፍ

በቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩት ቃል
«ሣጥኑ ተከፍቶ ሒሳቡ ታይቷል፤
ጉድለት አልተገኘም» ይላል።
እውነት ነው። ግን ያ ምሽት በሁለት መስመር አያልቅ፤
መዝገቡ የዘለለውን እኔ ነኝ የማውቅ።

ታልካዋኖ ወደብ፣ ከሳርዲን ፋብሪካው ጀርባ፣
ዝናብ ከአባላቱ ቀድሞ በጣሪያው የሚገባ
አንድ አዳራሽ አለን፤ በአዳራሹም ጥግ ሣጥን፣
የፊተኞቹ ያሠሩት፣ ባለ ሦስት ቁልፍ፣ ባለ ብረት ክዳን።
አንዱ ቁልፍ ለሊቀ መንበሩ፣ አንዱ ለጸሐፊ፣
አንዱ ለገንዘብ ያዥ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ የለም አሳላፊ።
ተጣልተው አይደለም ይህን ያበጁ፤
እየተዋደዱ፣ ገና ሳይፋጁ
ተጠራጠሩ እንጂ።
ከተጣሉማ በኋላ ማን አይጠራጠርም?

ጸሐፊው ኦያርሱን ሞቶ ተቀበረ፤
«ምርጫ እስኪደርስ» ተባለ፤ ቁልፉ
ከዶን ኤለውቴሪዮ ኪስ ገብቶ በዚያው ቀረ።
የገንዘብ ያዧን የኔሊዳን ዓይን ሞራ ጋረደው፤
«ደረጃውን ምን ያስወጣታል? እሱው ይያዘው»
አልን። አጨበጨብን።
እኔም እጄን አውጥቼ ነበር፤
መዝገቡ ላይ አለ፣ በራሴ ጽሕፈት፣ በዝርዝር።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄ ነበር ክፋቱ።
አድማ በመታን ጊዜ ፖሊስን የመከተ በደረቱ፤
ማርሊን ጣቶቿን ማሽን ሲበላት
ካሳዋን ደጅ ጠንቶ ያስወሰነላት፤
ሌሊት በሩን ብትመታ የጫማውን ክር ሳያስር የሚወጣ።
እንዲህ ላለ ሰው ደንብ የሚጠቅስ ከየት ይምጣ?
አንቀጽ ዐሥራ አንድም አቧራውን ለብሶ
«ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም» ይላል
ለራሱ፣ ድምፁን ቀንሶ።

ያስና ናት የተነሣች፣ ከማሸጊያው መስመር፣
ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ጓንቷን ሳታወልቅ የምትናገር።
«ሦስቱ ቁልፎች በማን እጅ ናቸው?»
አዳራሹ ጮኸ፦ «ሌባ ልትይው ነው?»
«አላልኩም። ቁልፎቹን ነው የጠየቅሁት።»
ሽማግሌው ቀላ። ቀለበቱን ከጠረጴዛው ላይ ጣለ፤
«ቁጠሩ!» አለ።

እስከ እኩለ ሌሊት ቆጠርን፤ ገንዘቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
አንዲት ፔሶ አልጎደለችም፤ እንዲያውም ሦስት ሺህ ይተርፋል፤
አንድ ቀን ምናልባት ድምሩ ተሳስቶ
ከኪሱ ጨምሮ ይሆናል፣ እንዳንታዘበው ፈርቶ።

«ይቅርታ ጠይቂው!» ከኋላ፣ ከፊት፣ ከጎን።
ጓንቷን አወለቀች ያኔ።
«ዶን ኤሉ፣ አንተን አልቆጠርኩም እኔ፤
እኛን ነው። ሣጥኑ ሦስት ሰው ይላል፤
አንድ ብቻ አገኘሁ። ሁለት ሰው ጎድሏል።»

ከዚያ የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ተሰማ።

ተቀመጠ። ቁልፎቹን ከቀለበቱ ሊያላቅቅ ሞከረ፤
ጨው በልቶት፣ ዝጎ፣ ብረት ከብረት ተጋብቶ ነበረ።
ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ማንም «ላግዝህ» አላለው።
ኢስማኤል ከጥገና ክፍል ጉጠት አምጥቶ ቆረጠው።
ጠቅ አለ። በቃ።
አንደኛው ቁልፍ ተንከባሎ ከአግዳሚው ሥር ገባ፤
ስልሳ ሰው ተንበረከከ፣ ወለሉን በመዳፉ እየዳበሰ፣
እሱም አብሮን፣ መነጽሩን እስከ ግንባሩ ገፍቶ፣
እንደ ማንኛውም አባል።

ይሄን አልጻፍኩትም።

ዘንድሮ ያስና ሊቀ መንበር፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ።
ዛሬ ጠዋት ገንዘብ ያዡ ኢስማኤል ከአውቶቡስ መቆሚያው አገኘኝ፤
ሚስቱን ሊያሳክም ወደ ኮንሴፕሲዮን ይሄዳል።
ቁልፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ
«እስከ ሰኞ ብቻ ያዝልኝ፤ ካንተ በላይ ማን ይታመናል?»
መልስ ሳልሰጠው ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ።
እጄን አየሁት፤
ተዘርግቷል።
ገና ዓርብ ነው።