የመብራት ደረሰኝ ጀርባ

መብራት ሲጠፋብን፣ የመብራት ደረሰኝ
ገልብጠሽ ዘረጋሽ፤ «ጻፍ» ብለሽ አዘዝሽኝ።

«ዓርብ፣ ከሥራ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ሚኒባስ መያዝ ነው፣ ሌላ ሰው ሳይቀድም፤
ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈን፣
መራዊ ላይ ሎሚ በመስኮት ሸምተን፣
ሲመሽ ባሕር ዳር ነን።»

«ባሕር» የምትለው ላይ ብዕሬ ቆመና
ሳቅሁ ለብቻዬ፤ ምን ይላል ጣና?
አንቺ ግን አልሳቅሽም፦
«ወደብ ለሌለው ሰው ጣናም ባሕሩ ነው፤
ማዶው ካልታየን፣ ጨውስ ለምናችን ነው?»
ጻፍሁት።

«ቅዳሜ፣ በአሥራ ሁለት፣ ፀሐይ ሳትከርር፣
ከዘንባባው ሥር ሥር፣ በሐይቁ ዳር ዳር
እሮጣለሁ እኔ እስከ ዓባይ ድልድይ።
አንተ ብስክሌት ላይ፣
ውኃና ፎጣዬን ከኋላህ አስረህ፣
ከጎኔ ሳትርቅ፣ ቀስ ብለህ ነድተህ።
ጉማሬ ከወጣ ግን መጠባበቅ የለም፤ እወቀው፦
ትዳር የጋራ ነው፣ እግር የግል ነው።»

አውቀዋለሁ እግርሽን።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከገበያ መልስ፣
ዘንቢሉን አንቺ ይዘሽ፣ እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ ስደርስ
ሽንኩርቱ ተልጦ ነው የሚጠብቀኝ።
ሁለቴ የሰፋው ጫማሽን ሊስትሮ
«አንቺ ሮጠሽ እኔን ደከመኝ» ብሏል ተማርሮ።

«የብስክሌት ኪራይ፣ ለሰዓት፦ ይጠየቅ።
እሑድ በዛዊት ላይ፣ ዳገቱን በእግር፤ ዓባይን ከላይ አይቶ፣
ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ቆሮሶ ጥብስ፣ ሁለት፣ በሚጥሚጣ ታሽቶ።»

ሻማው እያጠረ ሲሄድ ተናዘዝሁ፦
«ይታይሽ፣ ስሚኝማ። ብስክሌት የለመድሁ
ልጅ ሆኜ ነው፣ ማርቆስ፣ ሜዳው ላይ፣
ሃያ አምስት ሳንቲም ነው የአንዱ ዙር ኪራይ።
መንዳቱን አልረሳም። ዙሩ ሲያልቅ ግን
አከራዩ ሮጦ፣ ኮርቻውን ጨብጦ፣ እሱ ነበር የሚያቆመን።
ፍሬን አያያዙን…
እስካሁን አላውቅም። እዚያ ደግሞ ሐይቅ ነው ከፊቴ ያለው።»

ዝም አልሽ። ሰም ጠብ አለ፣ «ዓርብ» ያልሽው ላይ።
ብዕሬን ቀማሽኝ፤
ሳቅሽን ስጠብቅ፣ አንገቴን ደፍቼ ጣቶችሽን ሳይ፣
«ከጎኔ» የሚለውን ሰርዘሽ፣ በጠባቧ ቦታ
ጻፍሽ፦ «እኔ ከኋላው። ኮርቻውን ይዤ። በዝግታ።»

መብራቱ ሲመጣ፣ ወረቀቱን ገልብጠን ብናየው፣
የመክፈያው ቀን ያለፈው ትናንት ነው።
ቅጣቱን ከዓሣው ላይ ቀነስን፤ ቆሮሶው አንድ ነው።