ጋዝ አያልቅም

ነሐሴ እኛ አገር ጭቃ ነበር፣ ጉምና ደራሽ ነበር፤
የቂርያት ጋት ነሐሴ ግን ጭን የሚልጥ ወንበር፣
እጅ የማያስጠጋ መሪ፣ የሚቀልጥ የአስፋልት ጠረን።
መዝጋን ይሉታል እዚህ፣ መኪና የሚያቀዘቅዘውን፤
የኔው መዝጋን ታሞ፣ ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር
ትኩሳት እንደያዘው ሰው ፊቴ ላይ ይተነፍስ ጀመር።

ባለ ጋራዡ፣ ዐይኑን ሳያነሣ ከስልኩ፣
"አራት መቶ ሃምሳ ሰቅል" አለኝ፤ ቁልፌን ተቀብዬ ተመለስኩ።
ያ ማለት ወይዘሮ ብሩርያን ሁለት ቀን አጉርሼ፣ አጥቤ፣
ክኒኗን ቆጥሬ የማገኘው፣ ኪራይ ያልነካው ገንዘቤ።

ጣሳዋን ገዛሁ፤ ሰማያዊ ቱቦ አላት፣
ራሷ ላይ መርፌ የሚወዛወዝባት እንደ ሰዓት።
ልጄ ናዳቭ መመሪያውን በዕብራይስጥ ያነብልኛል፤
እጄ በአማርኛ ይሠራል።
"ሞተሩ ይነሣ። ቅዝቃዜው እስከ መጨረሻ።
ዝቅተኛው ግፊት ያለበትን ክዳን ፈልጊ፣
ሌላውን እንዳትነኪ።"
ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልሰማሁት የቃል ብዛት
አንድ ጣሳ ጀርባ ላይ ተጽፎለት።

ባል የሌላት ሴት የመኪናዋን ኮፈን ስትከፍት
ሰገነቱ ሁሉ መካኒክ ይሆናል በቅጽበት።
ፕሮስፔር ከሦስተኛው ፎቅ፦ "ኧረ ቀዩን ነው፣ ቀዩን!"
ጋሽ ውባንተ ከሁለተኛው፦ "ተዪ አንጓች፣ ይፈነዳል፣ ያጠፋዋል ዐይንሽን!"
ግሪሻ ብቻ ዝም ብሎ ደረጃውን ወረደ፣
የብየዳ ጓንቱን አቀብሎኝ ሄደ።

ገጠመ። ጠቅ አለ።
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ሊቆም እንደሚሞክር ሕፃን፤
ጣሳዋ መዳፌ ውስጥ በረደች፣ ለበሰች አመዳዩን፤
አመዳይ! በነሐሴ! በዚህ ፀሐይ!
ከወገራ ከወጣሁ ወዲህ ያላየሁት አመዳይ።
ከሞተሩ ሆድ አንድ ነገር ነቅቶ ያዘ፤
ብርድ ወጣ። ሰገነቱ አጨበጨበ።
ፕሮስፔር ወርዶ ራሱን በመስኮት ከተተ፣
ውኃ እንዳገኘ ግመል፣ አልወጣም አለ።
ጋሽ ውባንተም "ብዬሽ አልነበር!" አለ፣
ምን እንዳለኝ እግዜር ይወቀው።

ዐሥራ አንድ ቀን።
በዐሥራ ሁለተኛው ያው ትኩስ ትንፋሽ፣ ያው በሽታ።
"አለቀ" አልኩት ለግሪሻ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ማታ።
ራሱን ነቀነቀ፤
በእሱ ስብርባሪ ዕብራይስጥ፣ በእኔም ስብርባሪ፦
"ጋዝ ቤንዚን አይደለም፣ አንጓች። ጋዝ አያልቅም።
ከጎደለ፣ የወጣበት አለ።"

ይችን ቃል ይዣት ገባሁ፤ ሳህን ሳጥብ አብራኝ ትታጠባለች፣
አልጋ ውስጥ አብራኝ ትገላበጣለች።
የናዳቭን ዝምታ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣
"ጎረምሳ ነው፣ ወሬ አልቆበት ነው" ስል ነበር ዓመቱን ሙሉ።

በማግስቱ ሌሊት፣ ሐምራዊ መብራት ይዘን፣
ኮፈኑ ሥር አጎነበስን።
ጋዙ ውስጥ ቀለም ነበረበት፣ በቀን የማይታይ፤
ቱቦ ለቱቦ ሄድን፣ ክርን ለክርን፣ ማንም ቃል ሳያወጣ።
"እማ። ይኸውና" አለ።
በአማርኛ።
ከመጋጠሚያው ሥር፣ የምስር ክክ የምታህል፣
አረንጓዴ፣ አንዲት፣ የምትንቀለቀል።

ሁለት ሰቅል ናት የጎማዋ ቀለበት።
ግሪሻ የውስጡን አየር የሚመጥ መሣሪያ ተዋሰ፤
እኔ ሁለተኛ ጣሳ ገዛሁ፤ ሞላንለት።

አሁን መስኮት ዘግተን፣ የትም ሳንሄድ፣
ቤንዚን እናቃጥላለን፤ ብርዱ ይነፍሳል እንደ ጉድ።
አልጠየቅሁትም። አንገቴ ላይ ላቤ ደረቀ።
"የክፍሌ ልጆች..." ብሎ ጀመረ፣ ድምፁ ደቀቀ፤
እጄን ሰድጄ ነፋሱን ቀነስኩት፣
ልሰማው።