የኦዶሪኮ ሙጫ

አልዋሽሽም፣ ኬርቱ፤ የመጣሽ ለታ
ንቄሽ ነበር፣ ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ በዝምታ።
አራት ቀን ነድተሽ ከኢስቶኒያ ደሴት፣
በአሮጌ መኪና፣ መስኮቱ በፕላስተር የታሸገበት፤
ጣሪያው ላይ ጀልባሽ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
እንደ ታመመ ልጅ፣ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ታዝሎ።
ሌሎቹ ከነአሠልጣኝ ከነወጌሻ መጡ፣
ኮንቴይነር ሙሉ ክንፍ፣ እንደ ሠርግ ልብስ እያማረጡ።
ያንቺ አንድ ነው፤
አንድ ክንፍ፣ አንድ ሸራ፣
አንድ ከረጢት ጥቁር ዳቦ፣ ጢስ ከጠጣ ዓሣ ጋራ።

ሠላሳ ዓመት የሰው ጀልባ ጠገንሁ በዚህ ሐይቅ ዳር፤
አባቴ እንጨት፣ እኔ ካርቦን፤ ዘመን እንደሚቀየር።
እሱ ቢያይ ጥንቆላ ባለው፦ ክንፉ ከሥር ይቀዝፋል፣
ጀልባው ከነሰውዬው ከውኃ ተነሥቶ ይከንፋል!

ጋርዳ ሁለት ጌታ አለው።
ማለዳ ፔለር ከሰሜን ተራራ ወርዶ ያዝዘዋል፤
እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ደወል እንደሰማ ተማሪ፣ ጥሎት ይሄዳል።
ከዚያ ኦራ ነው፣ ከደቡብ፣ የሰው ሸሚዝ እየነፋ፣
የካፌውን ጃንጥላ ገልብጦ፣ የቱሪስት ባርኔጣ ይዞ የሚጠፋ።

በመጀመሪያው ቀን ሰባ ስምንተኛ።
በሁለተኛው ሰባ አንድ።
በሦስተኛው፣ ከውኃ በታች የተደበቀ ግንድ
ክንፍሽን በላው፤ ጎትተው አመጡሽ በገመድ።

አላለቀስሽም። ይህ ነው ያስደነገጠኝ።
እርጥብ ልብስሽን ሳታወልቂ በሬ ላይ ቆመሽ፣
ስንጥቁን እንደ ዕዳ ደብዳቤ ፊቴ ዘርግተሽ፣
«ስንት ነው?» አልሽ፤ ጣሊያንኛሽ ያቺው ናት፣
ቦርሳሽን ከፍተሽ።
እኔ ያየሁት ገንዘቡን አይደለም፤ ጣትሽን፤
ገመድ የበላውን፣ በጥርስ በተቆረጠ ፕላስተር የጠቀለልሽውን።

እኩለ ሌሊት ላይ ለብጠን ጨረስን።
ሙጫ አይቸኩልም፣ ኬርቱ። ንጉሥ ቢያዘው አይደርቅም፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ፤ ምልጃ፣ ጉቦ አያውቅም።
በእጅሽ አጫወትሽኝ፦ ባሕራችሁ በክረምት ይረጋል፤
መንገድ ይሆናል፤ የፖስተኛው መኪና በላዩ ያልፋል።
እኔም በማትሰሚው ቋንቋ፣ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርሁትን፣
ስለ ወንድሜ ነገርሁሽ፣ ስለ ኔሬኦ፣ እዚህ ውኃ ስለቀረው፤
ጀልባውን ማን እንደጠገነው፤
ሙጫው ስንት ሰዓት ሲቀረው
«ውሰድ፣ ደርቋል» እንዳልሁት።
ራስሽን ነቀነቅሽ። ስለ አየሩ የማወራ መስሎሽ ይሆን?

ማለዳ ጡሩምባው ሲነፋ ብድግ አልሽ።
እጄን በበሩ አግድም ዘረጋሁ።
ሰደብሽኝ መሰለኝ፤ ግን ያገርሽ ቃል
አናባቢው እየረዘመ፣ ስድቡም እንጉርጉሮ ይመስላል።
የጧቱን ሁለት ውድድር ከሱቄ ወለል ተቀምጠሽ ሰማሽው፣
ጉልበትሽን አቅፈሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦራ ተነሣ።
እኔ ከወደቡ ጫፍ ነኝ፤ መነጽሬ ጭጋግ ለብሷል።
ሰማንያ ሸራ በአንድ ላይ ሲጋፋ
የአንቺን ለየሁት፣ ከሁሉ ያረጀውን፤
ዘመም አለ፤ አመነታ፤ ሆዱ ውኃውን ላሰው፤
ከዚያ ለቀቀው።
ጩኸቱ ሁሉ ቀረ፤ የሚመታው ማዕበል፣ የሚረጨው፣
ከሥርሽ ያለው ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው፣ ይላሉ የሚያውቁት።
ነፋስን ከነፍስ የምትለየው አንዲት ፊደል
ከመካከል ወጥታ እንደሁ እንጃ፤
እኔ ግን የሙጫውን መስመር ነበር የማየው፣
በልቤ ሰዓት እየቆጠርሁ፦ አሥራ አራት፤ አልፏል፤ ይይዛል።

ይዟል።

ስድሳ ስድስተኛ ወጣሽ። ማንም ፎቶ አላነሣሽ።
ጀልባሽን በብርድ ልብሱ ጠቅልለሽ ስትነሺ
ያን ጥያቄሽን ደገምሽው፤ «ስንት ነው?»
ክንፍሽ ውስጥ ያገኘኋትን የግንድ ስባሪ አሳየሁሽ፣
ጥፍር የምታህለውን፤
ኪሴ ከተትኋት፤ ሒሳቡ ተዘጋ።

መስኮቴ ላይ ናት ዛሬም። ገና አልደረቀችም።
አልቸኩልባትም።