ለምትከፍተው

በሻርጃ፣ ከፋብሪካው ሠፈር፣ ከአሥራ ሦስተኛው መንገድ፣
ነሐሴ ዝናብ አያውቅም፤ ቆርቆሮው እንደ እሳት ሲነድ
እኔ ሉባባ፣ የሐርቡዋ፣ ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣
የሞተ ስልክ እለያለሁ ከየካርቶኑ ሰብስቤ።
መስታወቱ ወዲህ፣ መዳቡ ወዲያ፣
ባትሪው ለብቻው፣ ከአሸዋው በርሜል ማቆያ።
ያበጠ ባትሪ አይጨመቅም፤ እንደ ደረሰች እርጉዝ፣ በዝግታ፤
ይህን ያስተማረኝ ሻሂን ነው፣ ቋንቋ ስናጣ፣ በጣት ጨዋታ።

ሻሂን አሁን የለም።

ከጠርሙሱ ክምር መሐል አንድ ቢጫ ከረጢት ወጣ፤
ቢጫ የሐኪም ቤት ነው፤ ወደ እቶን እንጂ እዚህ አይመጣ።
ማን እንደላከው አላህ ይወቅ። መርፌው ጓንቱን በስቶ፣
አንዲት የደም ጠብታ። ሳቀብኝ፣ ጣቱን እንደ ሕፃን ከአፉ ከትቶ።
በሦስተኛው ወር ምርመራ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል፤
በአራተኛው ቀን አውሮፕላን። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ከዚያ ወዲህ ቢጫ ባየሁ ቁጥር ማሽን አስቁሜ እጮሃለሁ።
ደሞዝ ይቆረጣል? ይቆረጥ። ጣቴን እቆጥራለሁ።

ትናንት ሱኒል መጣ፣ የመዝገቡ ሹም፣ ላቡን እየጠረገ፤
«ይህ ሁሉ መለየት ለምን? ጊዜ የለም፤ ኮንቴይነሩ ተፈለገ።
ከነጉዱ ጫኑት፤ ‹ያገለገለ ዕቃ› ተብሎ ይታተም፤
እዚያ ያሉት ያድሱታል፤ ድሀ ዕቃ አይጥልም።»

እዚያ የት ነው? አልኩት።
በጣቱ አየር ላይ ባሕር ሣለ፣ ዞረ፣ ጠበበ፣ ቆመ፦
ጅቡቲ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አስፋልት እሱ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፤
ጋላፊ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ።
ትንሽ አለፍ ሲል ሐርቡ ነው፤ ከገበያው ጥግ፣ ከጃንጥላ ሥር፣
ታናሼ ኑርዬ፣ ሽቦ በጥርሱ ልጦ፣ ስልክ ሲፈታ ሲያስር።

የእኔ ፓስፖርት ከመሳቢያ ነው፣ ሁለት ዓመት ተቆልፎ፤
ይህ ቆሻሻ ግን ይሄዳል፣ ያለ ቪዛ፣ ባሕር አልፎ።

ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ ማርከር ይዤ ወረድኩ።
አርባ ካርቶን ነው፤ እጄ ሁለት። ሁሉን አልቻልኩም።
ያበጡትን፣ የሚያፈስሱትን፣ እስኪነጋ ድረስ አወጣሁ፤
በቀሩት ላይ፣ ከክዳኑ በውስጥ በኩል፣
ሱኒል በማያነበው ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ይህን ለምትከፍተው።
በጥርስህ አትንካው።
ለመዳቡ ብለህ አታቃጥለው፤ ጭሱ ከመዳቡ ይበልጣል፣
ዛሬ ያበላህን ሳንቲም ነገ ከሳንባህ ይቀበላል።
ልጅ ካለ አጠገብህ፣ መጀመሪያ ልጁን አርቅ፤
ባትሪው ካበጠ አሸዋ ባለው ጣሳ አኑረው፣ አንተም ራቅ።»

ስሜን አልጻፍኩም።
ኑርዬ ካገኘው ግን
ያቺን ወደ ግራ የምታዘነብል «ቅ» ያውቃታል።
እሱም እንደዚያው አዘንብሎ ነው የሚጽፋት፤
ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በከሰል፣ በግድግዳ ላይ።