ሦስት ራስ

ዐሥር ሰዓት አልፎ ግንቡ በረድ ሲል፣
የሼባ ኸልፋንን ወንበር እየገፋሁ፣ በጓሮው በር በኩል፣
ከሎሚው ጥላ ሥር እንወርዳለን፤
የትናንቱ ነፋስ ሐዲዱን አሸዋ አልብሶት እናገኛለን።

ሶሐር ባቡር የላትም። እሱም ዕድሜውን ሙሉ
የወደብ መዝገብ ሲጽፍ፣ ጭነት ሲቆጥር በቃሉ፣
እውነተኛውን አንድ ቀን አላየም።
ያየሁት እኔ ነኝ፤ ግን አልነገርኩትም፣ አልጠየቀኝም።

አባቴ የድሬዳዋ ሰው፣ የሽመንደፈር ጋራዥ ልጅ፣
እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር፣ የማርሽ ድምፅ ወዳጅ፣
«ሞተር ይዋሻል» ይል ነበር፣ «ማርሽ ግን አይዋሽም፤
በጆሮሽ ካልያዝሽው በዓይንሽ አታገኚውም።»

በመጀመሪያው ዓመት መብራቱ በሐዲዱ ነበር የሚሄድ፤
አሸዋ በነካው ቁጥር ባቡሩ ይገተራል እንደ ግንድ።
ጨርቅና ስፒርት ይዤ፣ አፈር እየላሰ ደረቴ፣
ሠላሳ ሜትር ብረት ስወለውል አለቀ ጉልበቴ።

አንድ ማታ ሰለቸኝ።
«ባባ፣ መንገዱ እያጎረሰ ከሚያስርባቸው፣
ስንቃቸውን በየሆዳቸው ለምን አንቋጥርላቸው?»
ሳቀ። ጥርስ የለውም፤ ሳቁ ግን ሞልቶ ይፈሳል።
ከተጣለ ላፕቶፕ ሆድ ስምንት ባትሪ ወጣ፤ ስድስቱ ይበቃል።
ሁለት ሁለቱን በስታኞ አያያዝኩ፣ ጣቴን እየጠበሰኝ፤
ከዚያ ወዲያ አሸዋው ቢነፍስ፣ ቢቆም፣ ምን ቸገረኝ።

ከዚያማ ሦስቱን ቀጠልናቸው፦
አረንጓዴዋ ፊት፣ ጥቁሩ መሐል፣ ቀይዋ ከኋላቸው፣
ዐሥራ አንድ ፉርጎ፣ በየፉርጎው ተምር፤
ከግንቡ ተነሥቶ እስከ ፈለጁ ድልድይ የሚያቃስት ባቡር።

አቀበቱ ላይ ሰማሁት።
የጥቁሩ ማርሽ ጥርሱን ያፋጫል።
የፊቷ ትጎትተዋለች፣ የኋላዋ ትገፋዋለች፤ እሱ ይንሸራተታል፣
ጎማው አይዞርም።
ባዶ ፉርጎ እንኳ ይንከባለላል፤
የደከመ ራስ ግን
ተቆልፎ ነው የሚጎተት።

«ሽወይ፣ ሽወይ» አለ ሼባው። አቆምኩ።
ሆዳቸውን ፈትቼ ቴስተር አስነከስኩ፦
የፊቷ ስምንት ቮልት፣ የኋላዋም ስምንት፤
የመሐሉ ስድስት፣ ትርፉም ጥቂት።
ባንድ ቀን የሞላኋቸው ናቸው፣ ባንድ ሶኬት።

እኛም ሦስት ነን። አስካለ ኩዌት፣ እኔ እዚህ፣
የመሐሏ ደማም ናት።
የምንጎትተው ገንደ ቆሬ ያለ አንድ ቤት፣
የጣራው ቆርቆሮ ዕዳው ያላለቀለት።
ሦስት ወር ሆነ፣ የምትልከው ድምፅ አራት ሰከንድ ናት፦
«ደህና ነኝ። ላኩ፣ እኔም እልካለሁ።»
ልካለችም። ሳታጎድል።
ብሩን ቆጠርኩ እንጂ
ማርሹን አልሰማሁትም።

ስሟ ሙሉነሽ ነው።

ማታ ኩሽና ውስጥ ሦስት ቻርጀር ሰካሁ፤
ሁለቱ አረንጓዴ በሩ። ከቀዩ ፊት ቁጭ አልኩ፣ ስልኬን አነሣሁ፦
«የዚህን ወር ተዪው። እኔና አስካለ ቀስ ብለን እንጎትታለን።
አሁን ደግሞ ስምሽን እየጠራሁ አይደለም፤
እየጠየቅኩሽ ነው፤
ሙሉ ነሽ?»

ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ሰምታለች።
መልስ የለም። ቀዩም ገና አልተለወጠም።
ውጭ አሸዋው ጀምሯል። መስኮቱን ዘጋሁ፤
አልተኛሁም።