ቶርኖ

መብራት ከጠፋ ወዲህ፣ በሃያ ሁለት ክረምት፣
በሸዋ በር ወጣን፣ እኔና የእህቴ ልጅ፣ ገና ጎህ ሳይቀድበት፤
በጨርቅ ጠቅልለን አንዲት የፓምፕ ብሎን፣
ጥርሷ ተበልቶ ያስጠማችንን።

ሐሮማያ ዳር መኪኖች ቆመዋል፣
ሞተራቸው መሃል ማሽላ በቅሏል።
ደንገጎን ስንወርድ ስንቃችን አለቀ፤
ተስፋ ቀረን ልል ነበር፤
ውሸት ነው፤ የሚወርደው እግሬ ብቻ ነበር።

ድሬ ሐዲዷን ነቅላ የፍየል በረት አጥራበታለች።
ከዚራ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣
አንድ ሽማግሌ የጋራዡን በር ገርበብ አደረገ፤
«ሮብሌ እባላለሁ፤ ባለ ዝናብ ማለት ነው።
ዘንቤ ግን አላውቅም።»

ቶርኖው እዚያ አለ!
በሞራ የታሸ፣ ጆንያ የለበሰ፣
በየዓርቡ አቧራው እንደ ልጅ አፍንጫ የሚታበሰ።
«ጤነኛ ነው» አለን፤ «የጠፋው የሚያዞረው።»

ሙነዋር አለቀሰ። ሮብሌ ሳቀበት፤
ወጣ፣ ተመለሰ፣ ግመል እየሳበ፣
ሰሊጥ የምትጨምቅ፣ ዓይኗ የታሰረ።
እሷ ስትዞር ቀበቶው ዞረ፣
ብረቱ ጮኸ፣ የጣሪያው እርግብ በረረ።
ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ፣
ልኩን በጥፍሩ ዳስሶ፣
በድሮ አለቆቹ ቋንቋ ቆጠረ፦
አን፣ ዱ፣ ትሯ...

ብሎኗን ስቀበል ታቃጥል ነበር።
ዋጋ ጠየቅሁት።
የልጁን ጣቶች አየ፣ ቆየ፤
«እሱን ተዪልኝ። እኔ ስሞት ማን ይቆጥራል?»

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ።
ደንገጎ ላይ ብሎኗ በእጄ ቀዘቀዘች።
ቁልቁል አደመጥኩ፤ ነፋስ ነው።
ራሴው ቆጠርኩ፦ አን፣ ዱ፣ ትሯ፤
አራተኛውን አላውቀውም።