የተሰረዘው ዋጋ

ሂርማታ ተኝቷል፣ ሱቁ ተቆልፏል፤
የኔ ስልክ ብቻ ፍራሽ ላይ ይበራል።
"ስንት ነው?" ይለኛል አንዱ ከሐዋሳ፣
"የመጨረሻውስ?" አንዷ ከአሶሳ።
ገና የመጀመሪያውን ሳልናገር ዋጋ፣
የመጨረሻውን ሲሉኝ ሌቱ ነጋ።

አሥራ አንድ ሺህ ሰው ቻናሌ ላይ አለ፤
አራት ሰው ገዛና የቀረው ዝም አለ።
ልብ የሚልክ ሞልቷል፣ ብር የሚልክ ጠፋ፤
ተማም ግን ይለኛል "ገበያሽ እኮ ሰፋ!"

የምሸጠው ባርጩማ፣ ሦስት እግር ያለው፣
ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ሚስማር የማያውቀው።
አባ ፊጣ ሰቃ ላይ አራት ቀን ይጠርቡታል፤
ቪዲዮዬ ላይ ግን በአርባ ሰከንድ ያልቃል።

እንጨቱ አምስት መቶ፣ ለእጃቸው ሺህ ሁለት መቶ፣
ሃምሳ ለባጃጁ እስከ መናኸሪያ ወጥቶ፣
ሠላሳ ለካርቶን፣ መቶ ሰማንያ ለጭነት
(የሌሊት እንቅልፌ ሒሳብ አልገባበት)።
ሁለት ሺህ መቶ ስል መቶ አርባ ትተርፋለች፤
አንድ እግር ከተሰበረ እሷም መንገድ ትቀራለች።

የአክስቴ ልጅ ተማም ማርኬቲንግ ተምሮ
ይመክረኛል ማታ፣ ስልኬን ተበድሮ፦
"ሦስት ሺህ ተኩል በይ፤ በቀይ ሰርዢበት፤
ሥሩ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጻፊበት።
ያቺን አንዲት ብር ለሰው ዓይን መርቂያት፤
'ማድረሻ በነፃ' በይ፣ ዋጋው ውስጥ ቅበሪያት።"
"ሠላሳ ዘጠኝ ብር ነው እኮ የሚተርፈኝ?"
"ብዛት ነው የሚያድንሽ" አለና አሳመነኝ።

ሰረዝኩት። በማግስቱ ሃያ ሁለት ትእዛዝ!
መልስ ጽፌ አልጨርስ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ።

ቅዳሜ አባ ፊጣ መጡ፣ ሒሳብ ሊቀበሉ።
ስልኬን አነሱና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።
"ይሄ ቀይ መስመር ምንድን ነው?" አሉኝ።
"ድሮ የነበረው ዋጋ።"
"ማነው የከፈለው?"

ዝም።

"ሦስት ሺህ ተኩል የከፈለ ሰው ካለ፣
ልጄ፣ የኔ ድርሻ ታዲያ የት አለ?"

እስከ ዛሬ ብሩን ሳይቆጥሩ ነበር የሚያጥፉት፤
ያን ቀን ግን ሁለቴ፣ ፊቴ ቆመው ቆጠሩት።

ሃያ ሁለቱን በቃሌ ላክኋቸው፤
ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ እየቆጠርኩላቸው።
ከዚያ ቀዩን አጠፋሁ፣ "ሁለት ሺህ መቶ" ጻፍኩ፤
እንጨት፣ እጅ፣ መንገድ፣ ካርቶን፣ ሁሉን ዘረዘርኩ።
ሁለት መቶ ሰባት ሰው ቻናሉን ለቀቀ፤
ተማም "አበድሽ" አለኝ፣ ቀጥሎም ሳቀ።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት። ያቺው የአሶሳዋ፦
"የመጨረሻውስ?"
ያልተሸጠው ባርጩማ ላይ ቁጭ ብያለሁ።
"የመጀመሪያውም ይኸው ነበር" ብዬ እጽፋለሁ።
አጠፋለሁ።
ደግሜ እጽፋለሁ፣
እልካለሁ።

"እየጻፈች ነው" ይላል፣ ከስሟ ሥር፣
ይጠፋል፣
ተመልሶ ደግሞ "እየጻፈች ነው" ይላል።